ግማሽ ዙር

የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤
የወጣ የገባውን፣ ያለፈ የቀረውን፣ ሁሉን የማሰፍረው።
ስሕተቴም እዚያው አለ፣ ገጽ አርባ ሁለት ላይ፤
አልፋቅሁትም፤ ይኑር፣ የሚያነበው እንዲያይ።

በካፓንጋ መንደር፣ ከቡዋ ወንዝ ማዶ፣
ለውዝ የሚፈለፈለው በጣት ነበር፣ በባዶ፤
ቅርፊቱ ሲጠና፣ አውራ ጣት ሲላጥ፣
ሴቶቹ ውሃ ይነክሩታል፣ ለስልሶ እንዲፈለጥ።
ይለሰልስ ነበር፤ ግን በጆንያው ሆድ ውስጥ
አረንጓዴ ሻጋታ ያድራል ሲያቆጠቁጥ።
ሚዛን የያዘው ሰው፣ ከከተማ መጥቶ፣
አንዷን ፍሬ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ አሽትቶ፣
«ይሄማ ለዘይት ነው» ይላል ፊቱን ቋጥሮ፤
ዋጋው ይወርዳል፣ እንደ አምና፣ እንደ ካቻምና፣ እንደ ድሮ።

ኤኔሌሲ መጣች አንድ ማክሰኞ ማታ፤
ከልጇ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ዘርግታ።
ሥዕል ነው፤ ሁለት ክብ፣ አንዱ ባንዱ ሆድ ውስጥ፣
መሃሉ የብረት ዘንግ፣ እጀታው ሲዞር የሚፈልጥ።
«ዛኬዮ ይሠራዋል፤ ሲሚንቶ ነው፣ ሌላ ምን አለው?
ብረቱ ከአሮጌ ብስክሌት፣ ቅርጹ ከባልዲ ነው።»
ከሥዕሉ ይልቅ እጇን ነው ያየሁት፤
አውራ ጣቷ ጥፍር የለውም፤ አየሁ፣ አለፍሁት።
«ድንጋይ ጥፍር አለው እንዴ?» አልሁ፤ ሳቁ ሁሉ፤
«ጥያቄዋ ውድቅ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ «አሜን» አሉ።
ገጽ አርባ ሁለት ይኸ ነው።

ፍየሏን ሸጠች።

ዛኬዮ ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ቤቱ ከመንገድ ዳር፤
ከዚያ በፊት የሠራው ትልቅ ነገር፣ አንድ የዶሮ ቤት በር።
የመጀመሪያው መፈልፈያ ለውዙን አደቀቀው፤
ሁለተኛው ከነቅርፊቱ፣ እንደ ገባ አሳለፈው።
ሦስተኛው ጮኸና ቆመ። ሰው ሳቀ። እኔም ነበርሁ።
«ሲሚንቶው ሳይደርቅ ተስፋዋ ደረቀ» ብዬ ሄድሁ።

አሮጊቷ ናሲቤኮ ብቻ ከዛፉ ሥር ቀረች፤
የሰው ለውዝ፣ በቀን ሒሳብ፣ አርባ ዓመት የፈለፈለች።
መፈልፈያው ከሠራ እሷ ሥራ ፈት ናት፤
ይህንን ታውቃለች፣ ማንም ሳይነግራት።
ግን ተነሣች። ጎንበስ አለች። ከጆንያው ዘገነች፤
በአውራና በሌባ ጣቷ አንዷን ለውዝ መዘነች።
«የዘንድሮው ቀጭን ነው፣ ዝናቡ ቀድሞ ሄዷል፤
አንተ ባምናው ለክተህ የዘንድሮው እንዴት ያልፋል?
ፍታ ብሎኑን፣ ግማሽ ዙር። ተው፣ በዛ። ትንሽ መልስ።»
ጆሮዋን አስጠጋች፣ ሲሚንቶው እስኪተነፍስ።

ወረደ።
ፍሬው ከነቀይ ልብሱ፣ ሳይሰበር ወረደ፤
ቅርፊቱን ነፋስ ወሰደ፤
አንድ ሕፃን ደንግጦ እየሮጠ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ባልዲ ከባልዲ ተሰልፎ፣
ለአንድ ባልዲ አንድ ኩባያ፤ ማታ ለሷ ጆንያ ተርፎ።
ውሃ የነካው የለም፤ ደረቅ ነው፣ ያንኳኳል፤
ሚዛን የያዘው ሰው መጣ፤ ይሰብራል፣ ያሸትታል፣
ያሸትታል።
«ጥሩ ነው» አለ፤ ዋጋው ግን ያው የአምናው፤
ሻጋታው ከለውዙ ወጥቶ ሚዛኑ ውስጥ ገባ እንጂ፣ የት ሊሄድ ነው?
ኤኔሌሲ ጆንያውን አሠረች፤ «አይሸጥም» አለች፤
ከመኝታዋ ራስጌ እስከ ኅዳር ቆለለች።
ኅዳር ላይ ያው ሰውዬ በሌላ ፊት መጣ፤
ምላሱ ከሚዛኑ ቀድሞ ዋጋ አወጣ።
ማኅበራችን ያኔ ነው «ብድር ውሰጂ» ያላት፤
«ብድር በምድር» አለች፤ ፈገግታም አልታየባት።

ናሲቤኮ በየጠዋቱ ብሎኑን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፤
ከአሥር ኩባያ አንዱ የሷ ነው፤ አትለምንም፣ ትወስዳለች።
ሌሎቹ ሦስቱ ፈልፋዮች ግን፣ ሊግኔቲ፣ ኤኒፋ፣ ዶሪካ፣
ወደ ትምባሆው እርሻ ሄዱ፣ ማንም ብሎን ሳያላላላቸው፣ ማንም ሳይለካ።
ለነሱ ዓምድ የለኝም። ገቢ አይደሉ፣ ወጪ አይደሉ፤
ባዶ መሥመር ተውሁላቸው፣ ምናልባት መጥተው «የት ጻፍኸን?» ቢሉ።